ትርፍ አምስት ደቂቃ

ላቦራቶሪ ለሚውል ሰው አምስት ደቂቃ ቀላል ነገር አይደለችም። ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ጓደኛውን የሚጠብቅ ሰው በሁለት ማዛጋት ይጨርሳታል። አውቶብስ ጣቢያ ደግሞ «አምስት ደቂቃ» ማለት ሹፌሩ ምሳውን በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ጥርሱን ጎርጉሮ እስኪመጣ ማለት ነው። በሆስፒታል የፓቶሎጂ ክፍል ከሰው የተወሰደ ናሙና የምታዘጋጀው ቴክኒሻን ግን አምስት ደቂቃ የሰው ዕድሜ እንደምትቀይር ታውቅ ነበር። እያወቀች ነው ያደረገችው። ጥፋት መሆኑን እያወቁ የማይተውት ጥፋት አለ፤ የሷም እንደዚያ ነበር።

ነገሩ የሆነው የዛሬ ወር ገደማ ነው። ከሰው ጉሮሮ የተወሰዱ ናሙናዎች በሰም ተይዘው ጠረጴዛዋ ላይ ተደርድረዋል። እሷ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ አሳስታ ትቆርጣቸውና መስታወት ላይ ታነጥፋቸዋለች፤ ከዚያ ፒ ሲክስቲን የሚባለውን ምርመራ ትሠራለች። የጉሮሮ ካንሰር ሁሉ አንድ አይደለም። አንዳንዱን ሲጋራ ያመጣዋል፤ አንዳንዱን ደግሞ በግብረ ሥጋ የሚተላለፍ፣ ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚሸከመው አንድ ቫይረስ። ቫይረሱ የገባበት የካንሰር ሕዋስ ፒ ሲክስቲን የተባለውን ፕሮቲን ያከማቻል፤ ቀለም ሲነካውም ቡናማ ይሆናል። ከመቶ ሕዋስ ሰባው ደምቆ ቡናማ ከሆነ ውጤቱ «ፖዘቲቭ» ነው። ሌላ ቦታ ፖዘቲቭ ሲባል ሰው ይደነግጣል፤ እዚህ ግን እሰይ የሚያሰኝ ነው። ቫይረስ ያመጣው ካንሰር ለሕክምና ቶሎ እሺ ይላል፤ የመዳን ዕድሉም የተሻለ ነው።

የመዝገብ ቁጥር 417ን ቅጽ ስታነሳ ስሙን አየችው።

ደወሉ ነበር። የአውቶብስ ጣቢያ ጠሪ ነው፤ ድምፁ ከጣቢያው አንድ ጥግ እስከ ሌላው ስለሚሰማ ሰው ሁሉ ደወሉ ይለዋል። መታወቂያው ላይ ያለውን ስም ከእናቱና ከእሷ በቀር የሚያውቀው የለም። የተዋወቁት «አንድ ሰው የቀረው፣ አንድ ሰው የቀረው» እያለ ሲጣራ እውነት መስሏት ሮጣ የገባችበት አውቶብስ ውስጥ ነው። ስትገባ ከሹፌሩ በቀር ማንም የለም። አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጣ ስትወርድ ዐይኑን በጨው አጥቦ ፈገግ አለ።

«ዋሽተኸኛል» አለችው።

«ውሸት አይደለም፣ እህቴ። ምኞት ነው።»

ፍቅራቸው እንዲያ ተጀመረ። ዓመት ሲሞላው አባቷ ሰሙ። አባቷ እሷ የምትሠራበት ክፍል ኃላፊ ናቸው፤ ስላይዶቿን በማይክሮስኮፕ አይተው ውጤቱን የሚጽፉትም እሳቸው ናቸው። «ያ ጣቢያ የሚጮኸው? ልጄን ለዚህ አይደለም ያስተማርኳት» አሉ፣ ከዚያ በላይ አልተናገሩም። እሷም ተውኩት አለች፤ ግን አልተወችውም። በድብቅ ሲገናኙ ድምፁ እየጎረነነ፣ አንገቱ ላይ እብጠት እያወጣ መጣ። «ጩኸት ነው፣ ይለቀኛል» ሲላት አመነችው። ሐኪም አይቶኛል ያላት ናሙናው ከተወሰደ በኋላ ነው።

ያን ቀን ቡናማውን ቀለም አፍስሳ ሰዓቱን አሥር ደቂቃ ላይ ሞላችው። ደንቡ አሥር ነው። አብሮት የሚቀለም፣ ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ሌላ ስላይድ አለ፤ ኮንትሮል ይሉታል፣ ሥራው በትክክል ለመሠራቱ ምስክር ነው። ሰዓቱ ሲጮኽ ኮንትሮሉን አንስታ አጠበችው። 417ን ስታየው ገርጥቷል። ደወሉ አሥር ዓመት ማጨሱን ታውቃለች። የሲጋራው ዓይነት ከሆነ ሙሉ ጨረር ከከባድ መድኃኒት ጋር ይሰጠዋል፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን ጉሮሮው ላይድን፣ ድምፁ ላይመለስ ይችላል። እጇን ሰበሰበች። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ እያለች አምስት ሞላ። ቀለሙ እየጠቆረ ሲሄድ ደስ አላት። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ ያን ጊዜ ፈገግ ብላም ነበር።

አባቷ ሁለቱንም ስላይዶች አዩ። ስሙ የማን እንደሆነ ስለማያውቁ በእርጋታ ነው ያነበቡት።

«ፖዘቲቭ። ይኼ ሰውዬ ዕድለኛ ነው» አሉና ፈረሙ።

እዚያ ሆስፒታል ሁለተኛው ምርመራ፣ የቫይረሱን የራሱን የዘር ፈለግ የሚፈልገው፣ የሚሠራው ውጤቱ ሲያጠራጥር ብቻ ነው። የደወሉ ስላይድ የሚያጠራጥር ነገር አልነበረውም። ያንን በር የዘጋችው እሷ ናት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብዳቤ ይመጣላት ጀመር። ድምፅህን አሳርፍ ስለተባለ ደወሉ መናገር ትቶ መጻፍ ጀመረ፤ ወረቀቱም ጊዜው ያለፈበት የአውቶብስ ቲኬት ጀርባ ነው። የሚያቀብሏት የሆስፒታሉ በር ላይ የሚቆሙ ሹፌሮች ናቸው። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ «ሐኪሜ፣ የቫይረሱ ነው አሉኝ። የጨረር ሐኪሟ ፈገግ ብላ ነው የነገረችኝ። ካንሰር ተነግሮት ፈገግታ የተጨመረለት የመጀመሪያው ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም።» ሐኪም አይደለሁም ብትለውም ሐኪሜ ማለቱን አይተውም።

ሁለተኛው ቲኬት አጭር ነበር። «ከማን እንደያዘኝ አላውቅም። ወደ አንቺ አሻግሬው ከሆነስ?»

ያንን አንብባ ቲኬቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሲገናኙ እጁን ይዛ፣ ቫይረሱን ብዙ ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ እንደሚይዘው፣ ብዙውም ሳያውቀው ከሰውነቱ እንደሚጠፋ፣ ከማን መጣ ብሎ መጠየቅ ከንቱ እንደሆነ ነገረችው። ያለችው ሁሉ እውነት ነው። ግን ቫይረሱ ይኑርበት አይኑርበት ለማታውቀው ሰው ነው የነገረችው። እሱ አንገቱን ደፍቶ ሰማትና እጁን ቀስ ብሎ ከእጇ አወጣው። አፍሮ ነው አለችና ተወችው። እሷም አፍራ ነበር፤ የሁለቱ እፍረት ግን አንድ አልነበረም።

ሦስተኛው ቲኬት ማክሰኞ ጠዋት ደረሳት። «ሕክምናው ሰኞ ይጀምራል። ለቫይረሱ ዓይነት ጨረር ቀንሶ የሚሰጥ ጥናት አለ፣ እዚያ ውስጥ አስገብተውኛል። የጨረር ሐኪሟ ድምፅህ ሳይተርፍ አይቀርም ብላኛለች። ሲያልቅ መጀመሪያ የምጣራው ለአንቺ ሰፈር ነው።»

ቲኬቱን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ጨረሩ የተቀነሰው በሷ አምስት ደቂቃ ነው። ካንሰሩ የሲጋራው ሆኖ የተቀነሰ ጨረር ቢሰጠው በሽታው ሳይጠፋ ቀርቶ ይመለሳል፤ ሲመለስ ደግሞ ከመጀመሪያው ይብሳል። ድምፁን ላተርፍለት ብላ እሱን ራሱን ልትገድለው ነው።

ተነስታ የ417ን ሰም ከመሳቢያው አወጣች። እንደገና ቆረጠች። ቀለሙን አፍስሳ ሰዓቱን ሞላች፤ አሥር ደቂቃው ሲሞላ አነሳችው። ማይክሮስኮፕ ሥር ሆኖ የታያት ውሃ የበዛበት ሻይ የመሰለ ቡናማ ነው፤ ያውም እዚህም እዚያም። ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች። ከመቶ አርባ፣ ቢበዛ አርባ አምስት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ለሷ የጠራው ሦስት ሳምንት ዘግይቶ ነው።

«አባዬ» አለች የአባቷ ቢሮ በር ላይ ቆማ።

ሥራ ቦታ «ዶክተር፣ እርስዎ» ትላቸዋለች እንጂ አባዬ ብላ አታውቅም። አባቷ ቀና አሉ።

«ምን ሆነሻል?»

ሁለቱን ስላይዶች ጠረጴዛቸው ላይ አኖረች። «ሁለቱም 417 ናቸው።»

የመጀመሪያውን አዩ። ሁለተኛውን አዩ። ወደ መጀመሪያው ተመለሱና ረዘም ላለ ጊዜ ቆዩበት።

«ይኼን ስንት ደቂቃ ነው የያዝሽው?»

«አሥራ አምስት።»

«ረሳሽው?»

የማምለጫውን በር ወለል አድርገው ከፈቱላት። አዎ ብትል አንድ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጽፎ፣ ምርመራው ተስተካክሎ ነገሩ ያልቅ ነበር።

«አልረሳሁም። ፖዘቲቭ እንዲሆን ፈልጌ ነው። ኮንትሮሉን በሰዓቱ አውጥቼ እሱን ተውኩት።»

«የማን ናሙና ነው?»

«የደወሉ።»

አባቷ መነጽራቸውን አወለቁ። ይጮኻሉ ብላ የጠበቀቻቸው አባት አልጮኹም፤ ያ ነው የበለጠ ያስፈራት።

«ተውኩት ብለሽኝ ነበር» አሉ በመጨረሻ።

«ዋሽቼህ ነው።»

«ልጁ ያጨሳል?»

«አሥር ዓመት አጭሶ ትቷል።»

ዐይናቸውን ጨፈኑ። «ያን ቀን» አሉ፣ «ቡናማነቱ ከሕዋሱ አልፎ ዳር ዳሩን ሁሉ ነክቶት ነበር። ንጹሕ መሆን የነበረበት ቦታ ንጹሕ አልነበረም። አይቼዋለሁ። ሌላ ሰው ቢሠራው ኖሮ አስደግመው ነበር። ያንቺ እጅ ነው ብዬ አለፍኩት። ሃያ ስምንት ዓመት ማንንም ሳላምን ነው የሠራሁት፣ የኔ ልጅ። አንቺን አመንኩ።»

እንባዋ መጣ። ስድብ ቢሆን ትችለው ነበር።

አባቷ ወረቀት ስበው መጻፍ ጀመሩ። ናሙናው ዛሬውኑ ለሁለተኛው ምርመራ ይላክ፤ የሦስት ወር ስላይዶቿ በሙሉ እንደገና ይታዩ፤ ጉዳዩ እስኪጣራ ከሥራ ትታገድ። ከሥር ሁለት ስም ጻፉ።

«ያንተ ስም ለምን ይገባል? ምን አድርገህ?»

«አይቼ ዝም ብያለሁ» አሉና ስልኩን አነሱ። «ለጨረር ሐኪሟ አሁን ነው የምነግራት። እሷ ለልጁ ሳትደውልለት ሂጂና አንቺ ንገሪው። ሌላ ማን ሊነግረው ነው?»

ጣቢያው ከሰዓት በኋላ ይጨናነቃል። ደወሉ ከመብራት ምሰሶው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ፣ አንገቱን በሻርፕ ጠቅልሎ ተቀምጧል። በሱ ቦታ ሌላ ጠሪ እየተጣራ ነው፤ እሱ በእጅ ምልክት ያርመዋል። እንዳያት ፊቱ በራ፤ ወዲያው ከኪሱ ቲኬትና እስክሪብቶ አወጣ።

እጁን ያዘችው። «አትጻፍ። ስማኝ ብቻ።»

ነገረችው። ስለ ሰዓቱ፣ ስለ ኮንትሮሉ፣ ስለ አምስቱ ደቂቃ፣ ዛሬ ስለቆጠረችው አርባና አርባ አምስት። መጀመሪያ አልገባውም፤ የሌላ ሰው ታሪክ የምታወራ መስሎት ራሱን ይነቀንቅ ነበር። ሲገባው መነቅነቁን አቆመ።

«ለምን?» አለ በሹክሹክታ።

«ድምፅህ እንዳይሄድ። እንዳትሞትብኝ። ቡናማ እንዲሆን ፈለግኩ፣ እስኪሆን ጠበቅኩት።» ከዚያ ልትለው የማይገባትን አለች። «አንተ አይደለህ ውሸት አይደለም፣ ምኞት ነው ያልከኝ?»

ከአፏ ሳይወጣ ቆጫት።

«የኔ ውሸት ሰውን አንድ ሰዓት ወንበር ላይ ያስቀምጣል» አለ ደወሉ። የቀረውን ጉሮሮው አላስጨረሰውም። ሳለና፣ ሻርፑን ይዞ ቆየና፣ ድምፁ እየተሰነጠቀ ቀጠለ። «ካንቺ በፊት የነበረችውን ልጅ ፈልጌ ደወልኩላት፣ ታውቂያለሽ? ተመርመሪ፣ ምናልባት ከኔ ይዞሽ ይሆናል ልላት። አግብታለች። ባሏ ነው ያነሳው። የሰደበኝን ስድብ ጣቢያ ላይ እንኳ ሰምቼው አላውቅም።»

«አልነገርከኝም።»

«ምን ብዬ ልንገርሽ? ሦስት ሳምንት ሙሉ እጅሽን ስይዝ በገዛ እጄ ሳፍር ነበር። አንቺ ደግሞ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ታጽናኚኝ ነበር።»

ለበሽታው አዝናለች፣ ለድምፁ አልቅሳለች፤ ባልሠራው ነገር ሲያፍር የከረመው ግን በሷ እጅ መሆኑን እስከዚያች ደቂቃ አላሰበችውም። ይቅርታ የሚለው ቃል አፏ ውስጥ ትንሽ ሆነባት።

ደወሉ ተነሳ። ጠሪውን በእጁ ገለል አደረገውና አውቶብሱ ደረጃ ላይ ወጣ። ከዚያ ድምፅህን አሳርፍ የተባለው ሰው፣ ባለው ድምፅ ሁሉ፣ የሷን ሰፈር ተጣራ።

«አንድ ሰው የቀረው፣ አንድ ሰው የቀረው።»

ጣቢያው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞር አለ። የተሰነጠቀ ቢሆንም ያው የድሮው ደወል ነበር። ወደሷ አላየም፤ ግን ሂጂ ማለቱ ገባት። አንገቷን ደፍታ በጎኑ አልፋ ገባች። ያን ቀን አውቶብሱ ውስጥ እውነትም የቀረው የአንድ ሰው ቦታ ብቻ ነበር። እዚያ ላይ ተቀምጣ እስከ ቤቷ አለቀሰች፤ አጠገቧ የነበሩት እናት ምን እንደሆነች ሳይጠይቁ መሐረብ ሰጧት።

ዓርብ ማምሻውን አባቷ ከሥራ ሲመለሱ ኮታቸውን ሳያወልቁ ሳሎኑ መሃል ቆሙ።

«ውጤቱ መጣ። የቫይረሱ ፈለግ የለም» አሉ። «ሙሉውን ጨረርና መድኃኒቱን ይወስዳል። ከጥናቱ አውጥተውታል።»

«ድምፁስ?»

«አላውቅም። አውቃለሁ የሚል ሐኪም ካለ እሱ ይዋሻል።» መነጽራቸውን በመሐረብ ጠረጉ። «ትናንት ሐኪሟ ጋ ሲመጣ ኮሪደር ላይ አየሁት። ማን መሆኔን ነገርኩትና ይቅርታ ጠየቅኩት። ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ልጅዎ ባትናገር ኖሮ ማን ያውቅ ነበር› አለኝ።»

«ተቆጥቶ ነው?»

«እንጃ። ሲናገር ስለሚያመው መለየት አልቻልኩም።» ኮታቸውን አውልቀው ወንበር ላይ ጣል አደረጉት። «ሰኞ ስንት ሰዓት ነው የሚጀምረው?»

«ሁለት ሰዓት ተኩል።»

«አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እንወጣለን። አደርስሻለሁ።»

ያ ጣቢያ የሚጮኸው ሲሉ የነበሩት አባት ናቸው ይህን ያሉት። ሌላ ጊዜ ቢሆን በደስታ ታቅፋቸው ነበር። አሁን ግን ያንን እሺታ የገዛችበትን ነገር እያሰበች እሺ ብቻ አለች።

ሰኞ የጨረር ክፍሉ መጠበቂያ አዳራሽ ጢም ብሎ ነበር። ደወሉ ከሦስተኛው ረድፍ ጫፍ ተቀምጧል፤ ቦርሳውን አጠገቡ ካለው ወንበር ላይ አድርጎታል። እሷ በሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ሊያያት እንደማይፈልግ እርግጠኛ ነበረች፤ ሲገባና ሲወጣ ብቻ ልታየው፣ ከዚያ ልትሄድ ነው የመጣችው። ቦርሳዋ ውስጥ ቲኬቶቹ አሉ። ሌሊቱን መልስ ልትጽፍለት ብላ አንድም መስመር መጻፍ አልቻለችም።

አንድ ወፍራም ሰውዬ መጥቶ ወደ ቦርሳው ጠቆመ።

«ሰው አለው?»

ደወሉ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ሰውዬው ሄደ። ትንሽ ቆይቶ አንዲት ነርስ ለበሽተኛ ቦታ ስትፈልግ እዚያው መጣችና ጠየቀችው። በሹክሹክታ «ሰው አለው» አላት። ነርሷ ዙሪያዋን ቃኝታ፣ የመጣም የሚመጣም ሰው ስላላየች፣ «የታለ?» አለች።

ያኔ ቀና ብሎ በሩ ጋ ወደቆመችው አየ። ፈገግ አላለም። ፊቱ ላይ ያለው ቁጣ እንዳለ ነበር፤ አልደበቀላትም። ቦርሳውን አንስቶ ጭኑ ላይ አደረገው።

እግሯ ሄደ እንጂ እሷ የሄደች አልመሰላትም። ተቀመጠች። ይቅርታ እንዳላደረገላት ታውቅ ነበር፤ ሊያደርግላት እንደሚችልም እርግጠኛ አልነበረችም። እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ እጁን ልትይዝ ሳትደፍር፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ተመለከተች። ሊጠሩት አሥር ደቂቃ ቀርቶታል። ደወሉ ከኪሱ ቲኬት አውጥቶ ጀርባው ላይ አንድ መስመር ጻፈና ጭኗ ላይ አኖረው።

«ፈርቻለሁ» ይላል።

ቀለሙን ካቆየችበት ቀን ወዲህ በመካከላቸው የተባለ የመጀመሪያው እውነተኛ ቃል መስሎ ተሰማት። እስክሪብቶውን ከእጁ ወስዳ ከሥሩ «እኔም» ብላ ጻፈች፤ ከዚያ በላይ አንዲት ፊደል አልጨመረችም።